የተቆረጠ ነርቭ በቱቦ ውስጥ ይበቅላል? የሚያስረዳኝ ካለ

ገመድ ሳቢ፣ ኅዳር 14

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ሐምሌ ላይ ኮንዲዩት ለመቅበር ግድግዳ ስቆርጥ የግራይንደሩ ዲስክ ተሰብሮ ግራ ክንዴን ከእጅ አንጓዬ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀደደኝ። መጀመሪያ የወሰዱኝ የጤና ተቋም ውስጥ ደሙን አቁመው፣ ቆዳውን ሰፍተው ሸኙኝ። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግማሽ ደንዝዘው ሲቀሩ «ቀስ እያለ ይመለሳል» ተባልኩ። አራት ወር ሆነው፤ አልተመለሰም። ሁለቱ ጣቶች እንደ መንጠቆ ታጥፈዋል፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል የነበረው ሥጋ ጎድጉዷል። ብር እንኳ በሁለት ጣት ይዤ ሰው ሲስብብኝ ያመልጠኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሐኪም አየኝ። «አልናር የሚባለው ነርቭ ተቆርጧል፤ ከእግርህ ነርቭ ወስደን እንቀጥለዋለን» አለኝ። ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ ግን «እግርህን አታስነካ፤ አሁን ነርቭ የሚበቅልበት ቱቦ ተሠርቷል፤ ገንዘብ አጠራቅሜ በስድስት ወር ውስጥ እልክልሃለሁ» ይለኛል። እኔ የማውቀው ኮንዲዩት ገመድ የሚሳብበትን ነው። ነርቭም እንደዚያ ይሳባል ማለት ነው? ልጠብቅ ወይስ እግሬን ልስጥ?

የሐር ትል፣ ኅዳር 14

እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለነርቭ መጠገኛ የሚሆኑ ቁሶች በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ነው የምውለው። ስለዚህ ስለ ቱቦው ብቻ ልንገርህ፤ ስለ እጅህ የሚናገሩ ሰዎች እዚህ አይጠፉም።

ነርቭ አይሳብም። ይህንን ከያዝህ ግማሹን ጨርሰሃል። ክንድህ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው፤ የየክሩ ባለቤት የሆነው ሕዋስ ግን የተቀመጠው ክንድህ ውስጥ ሳይሆን ኅብለ ሰረሰርህ ውስጥ ወይም እዚያው አጠገብ ነው። በአንተ ቋንቋ ቆጣሪው ጋ ነው። ክሩ ሲቆረጥ ከቁርጡ ወዲያ ያለው በሙሉ ይሞታል። እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች ስላገናኘን መብራት አይመጣም። ከቆጣሪው በኩል ያለው ጫፍ እንደ ሐረግ አድጎ እስከ ጣትህ መጓዝ አለበት፤ የሚጓዘውም በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ደግነቱ ክሩ ቢሞትም መንገዱ ቶሎ አይጠፋም። ክሩን አቅፈው የኖሩት የሽቫን ሕዋሳት ፍርስራሹን ያጸዳሉ፣ ይባዛሉ፣ ተሰልፈውም አዲሱን ክር ይጠብቃሉ። ችግሩ መካከል ላይ ክፍተት ሲኖር ነው። አዳጊዎቹ ክሮች ወዲያ ማዶ ያለውን ሰልፍ ሳያገኙ ጠባሳ ውስጥ ይባዝናሉ፤ ተጠቅልለውም ሲነኩት የሚያንዘፈዝፍ እብጠት ይሆናሉ። ክንድህ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ሳይኖርህ አይቀርም።

ቱቦው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሁለቱ ጫፎች ከወዲህና ከወዲያ ገብተው በስፌት ይያዛሉ። በሰዓታት ውስጥ ባዶው ቦታ ከጫፎቹ በሚወጣ ፈሳሽ ይሞላል። ፈሳሹ እንደ ደም ይረጋና በቀናት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ስስ ድልድይ ይሆናል። በድልድዩ ላይ የሽቫን ሕዋሳት ይሻገራሉ፤ ክሮቹም እነሱን ይዘው ይሄዳሉ። ቱቦው ራሱ ምንም አያበቅልም። ጠባሳን ይከለክላል፣ ፈሳሹን ይይዛል፣ ከዚያ ይሟሟል። ያ ሁሉ ወሬ የሚወራለት ነገር ሥራው ይኸው ነው።

ቃል ለቃሚ፣ ኅዳር 15

ማብራሪያው ግሩም ነው። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። በየጽሑፉ «ስካፎልድ» እየተባለ ነው የሚጠራው። ስካፎልድ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃውን ሁሉ ከብቦ የቆመው የባሕር ዛፍ ርብራብ ነው። ለምን «ርብራብ» አንለውም? ሕንፃው ሲያልቅ ይፈርሳል፤ ይህም ነርቩ ሲያልፍ ይሟሟል ተባለ። እኔ በበኩሌ ከዛሬ ጀምሮ ርብራብ ብዬዋለሁ።

የሐር ትል፣ ኅዳር 15

ቃል ለቃሚ፣ ቃሉን ወስጃለሁ። ግን ባዶው ቱቦ ገና ርብራብ አልሆነም፤ አጥር ነው። ሠራተኛው የሚረግጠው እንጨት የለውም። ለዚህም ነው ባዶ ቱቦ ርቀት ላይ የሚሸነፈው። በአይጦች ላይ በተሠሩት የታወቁ ሙከራዎች አሥር ሚሊ ሜትር ክፍተት በሲሊኮን ቱቦ ይሻገራል፤ አሥራ አምስት ሲሆን አይሻገርም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቱቦ፣ አንድ ዓይነት አይጥ ነው። የተለወጠው አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የረጋው ድልድይ መካከሉ ላይ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል፤ ያኔ የሚረገጥ ነገር የለም።

እኛ የምንደክመው እንግዲህ ውስጡን ለመሙላት ነው። አንዱ ቱቦው ውስጥ ጭድ የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች በቁመት ይሰድራል። ሌላው እንደ ማር እንጀራ ብዙ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ይሠራል። ሌላው ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ይሞላና የማሳደጊያ ንጥረ ነገር ይጨምርበታል። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮችን በማግኘታቸው ነው። ሌላው ደግሞ ሕያው የሽቫን ሕዋሳትን ይዘራበታል። ጀርመኖች የሸረሪት ድር ሳይቀር ሞክረዋል፤ ድሩን በደም ሥር ውስጥ በቁመት ዘርግተው የበግ እግር ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት አሻግረውበታል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስድስት ሴንቲ ሜትር ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር።

ሐሳቡ ግን የዛሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማዕድኑ ተሟሙቶ የለሰለሰ የአጥንት ቱቦ ውሻ ላይ ተሞክሯል። መቶ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ያው ባዶው ቱቦ ነው።

አድማጭ፣ ኅዳር 15

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ቃል ለቃሚ፣ ኅዳር 15

አድማጭ፣ ጽሑፉን አንብብ እንጂ። የታሰረው በግ ነው።

የእጅ ሐኪም፣ ኅዳር 16

የእጅ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነኝ። ጠያቂውን በዓይኔ ስላላየሁት «ይህንን አድርግ» አልልም፤ ሒሳቡን ብቻ ላስቀምጥ።

ግራይንደር እንደ ምላጭ አይቆርጥም፤ ይቦጭቃል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ የነርቩ ጫፎች ጤነኛ ክር እስኪታይ ድረስ መከርከም አለባቸው። በአራት ወር ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ ተሰብስበው ተጣብቀዋል። ተከርክሞ ሲያበቃ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢገኝ አይገርመኝም። ስቦ ማገናኘት አይሆንም፤ የተወጠረ ነርቭ ደም አያገኝም። ቪየና ውስጥ ሐኖ ሚለሲ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ከመወጠር መቀጠል ይሻላል» የሚለውን አሠራር ያስለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ርቀቱን ቁጠሩ። ከቁርጡ እስከ እጅ መዳፍ ትናንሽ ጡንቻዎች አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ብንል መቶ ሰማንያ ሚሊ ሜትር ነው፤ መቶ ሰማንያ ቀን። መጋጠሚያውን ለመሻገር አንድ ወር ጨምሩበት፤ ሰባት ወር። ያለፈው አራት ወር ሲደመር አሥራ አንድ። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ እስከ ዘለዓለም አይጠብቅም፤ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ እየመነመነ ወደ ጠባሳና ስብ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነርቩ ቢደርስም የሚያዝዘው የለም። ጠያቂው ስድስት ወር ቢጠብቅ አሥራ አንዱ አሥራ ሰባት ይሆናል። የአክስቱን ልጅ አላውቀውም፤ ቸር ሰው እንደሆነ ይታየኛል። ስጦታው ግን እጁ ካበቃለት በኋላ ነው የሚደርሰው።

ባዶ ቱቦ በዚህ ርዝመት፣ ስሜትንም እንቅስቃሴንም በሚሸከም ወፍራም ነርቭ ላይ እኔ አላስገባም። ከእግር የሚወሰደው ነርቭ ከቁርጭምጭሚት በስተውጭ ከኋላ የሚያልፍ፣ ስሜት ብቻ የሚሸከም ነው። ሲወሰድ የእግር የውጭ ጠርዝ ይደነዝዛል፤ መራመድን አይነካም። ቀጭን ስለሆነ ተቆራርጦ ሦስት አራት ሆኖ ይደረደራል። የሐር ትል የምትለው ርብራብ ማለት ደግሞ እሱው ነው። በቁመት የተሰደሩ ቧንቧዎች አሉት፣ ሕያው የሽቫን ሕዋሳት አሉት፣ የሰውየው የራሱ ስለሆነ ሰውነቱ አይጠላውም። ቤተ ሙከራዎቹ ሊደርሱበት የሚሮጡት እዚያ ነው።

ከሽቱትጋርት፣ ኅዳር 16

ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቱቦውን አለመጠን አሳነሱት። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ጠቋሚ ጣቱን በመስታወት ተቆርጦ ቱቦ ገብቶለት ዛሬ በዚያው ጣት የሳንቲም ጠርዝ ይለያል። እግሩን ማንም አልነካውም። ለአውሮፓዊው የሠራ ለእኛ ሰው ሲሆን የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

የእጅ ሐኪም፣ ኅዳር 17

ወንድሜ፣ ለባልደረባህ ትክክለኛው ነገር ነው የተደረገለት። እኔም ባገኘው አደርገው ነበር። የጣት ነርቭ ቀጭን ነው፣ ስሜት ብቻ ይሸከማል፣ ክፍተቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ፣ 98 ሰዎች በተካተቱበት ጥናት የጣት ነርቭ ላይ የሚሟሟው ቱቦ ከተለመደው ጥገና ጋር ተወዳድሮ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ የሐበሻና የአውሮፓዊ አይደለም፤ የስምንት ሚሊ ሜትርና የሦስት ሴንቲ ሜትር ነው።

ሰዓዳ፣ ኅዳር 17

ለዶክተሩም ለእኅታችንም ጥያቄ አለኝ። ይህ ቱቦ ከምን ነው የሚሠራው? ከአሳማ የሚሠራ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ታማሚው አስቀድሞ ሊነገረው አይገባም? ለሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቼም ያው ነው።

የሐር ትል፣ ኅዳር 17

ሰዓዳ፣ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቅሽ። በብዛት የሚታወቀው የኮላጅን ቱቦ የሚሠራው ከከብት ጅማት ነው። ሌላው ከፋብሪካ የሚወጣ፣ የሚሟሟ የቀዶ ጥገና ክር ከሚሠራበት ቁስ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ነው፤ ከእንስሳ ምንም የለበትም። ከአሳማ ትንሹ አንጀት ሽፋን የሚሠራ መጠቅለያም በእርግጥ አለ፤ አልተሳሳትሽም። ካይቶሳን ከሚባል ቁስ የሚሠራውም አለ፤ ቁሱ የሚወጣው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ስለሆነ ጾመኛውንም ኦሪት አጥባቂውንም እኩል ያከራክራል። በውጭ አገር ከሞተ ሰው ተወስዶ ሕዋሳቱ ታጥበው የወጡለት፣ አጥንቱ ብቻ የቀረ ቤት የመሰለ ነርቭም ይሸጣል፤ ይህ ከባዶ ቱቦ ርቆ ይሄዳል፤ ግን በብርቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልኖረ ይበላሻል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ሲሊኮኑ ግን ስለማይሟሟ ቆይቶ ነርቩን ያንቃል፤ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያመጣል።

መነገር አለበት ወይ ላልሽው፣ አዎን። ሐኪሙን በስሙ «ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አናጢው፣ ኅዳር 18

ዶክተር፣ እስቲ እኔም ልጠይቅ። ቱቦ ብቻ ከሆነ ለምን እዚሁ አገር ውስጥ አይሠራም? የሰው ልጅ ራሱ ቱቦ የሞላበት ነው።

የእጅ ሐኪም፣ ኅዳር 18

በቀልድ የተናገርከው እውነት ነው። የታማሚው የራሱ የደም ሥር፣ ከዚያው ክንድ የተወሰደ፣ ቱቦ ሆኖ ያገለግላል። ባዶውን ከሆነ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከአጠገብ የተቆረጠች የጡንቻ ቅንጣት በቁመቷ ውስጡ ትገባለች። የጡንቻ ክሮች ተሰድረው የተፈጠሩ ናቸውና የነርቩ ክሮች በእነሱ መካከል መንገድ ያገኛሉ። ከጉምሩክ የሚወጣ ዕቃ የለበትም። የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክርና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው። እኛ ዘንድ የሚጎድለው ከቱቦው ይልቅ የመጀመሪያው ቀን ነው። ቁስሉን የሰፋው ባለሙያ ትንሿን ጣት በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጎ «ይሰማሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ወጣት አራት ወር ባላጠፋ ነበር።

የታናሹ ወንድም፣ ኅዳር 20

ይህንን ሁሉ በጉጉት አነበብኩ። የእኔ ጉዳይ የባሰ ነው። ታላቅ ወንድሜ በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፤ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሽባ የነበሩ አይጦች ሲሄዱ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። አንድ የውጭ ክሊኒክም በመርፌ እናድነዋለን ብሎ ቤታችንን የሚያሸጥ ገንዘብ ጠየቀን። ለእሱም ርብራብ አለው?

የሐር ትል፣ ኅዳር 20

ወንድሜ፣ ለታላቅህ ምሕረቱን ያውርድለት። ያየኸው ቪዲዮ ውሸት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ተመራማሪዎች የአይጥ ኅብለ ሰረሰር የሚያክል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ርብራብ በ1.6 ሰከንድ አትመው፣ ሕዋሳት ሞልተው ተክለዋል፤ አይጦቹ የኋላ እግራቸውን በተወሰነ ደረጃ ማንቀሳቀስ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ሳሙኤል ስታፕ በመርፌ ገብቶ ራሱ ወደ ርብራብ የሚለወጥ ፈሳሽ ለአይጦች ሰጥቶ በአራት ሳምንት ውስጥ መራመዳቸውን አሳይቷል። ግን ፈሳሹ የተሰጠው ጉዳቱ በደረሰ ማግሥት እንጂ በሦስተኛው ዓመት አልነበረም።

ኅብለ ሰረሰር ከክንድ ነርቭ የሚለየው በጎረቤቶቹ ነው። እዚያ የሽቫን ሕዋስ የለም። የክሩን ሽፋን የሚሠሩት ሌሎች ሕዋሳት ናቸው፤ ከተሰበረው ሽፋናቸው የሚወጣው ነገር «አትደግ» የሚል ምልክት አለው፤ ዙሪያውንም ጠባሳ ያጥረዋል። ክሩ ማደግ ስለማይችል እንዳልሆነ ሞንትሪያል ውስጥ ዴቪድና አጉዋዮ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳይተዋል፤ የአይጥ እግር ነርቭ ወስደው ከኅብለ ሰረሰር ጋር ሲያገናኙት አላድግም ያለው ክር በዚያ ውስጥ ሴንቲ ሜትሮችን ተጓዘ። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ያንን ሙከራ አንብቤ ነው።

ሰው ላይ ግን ምን ሆነ? አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሟሟ ርብራብ አዲስ የተጎዱ ሰዎች ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ተክሏል። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ተስፋ የሚሰጡ ነበሩ። ከዚያ ርብራቡ የገባላቸውና ያልገባላቸው ሰዎች በዕጣ ተለይተው ሲወዳደሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብልጫ አላሳየም ተባለ፤ ኩባንያውም ከሰረ። ይህንን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። በመርፌ እናድናለን ላለው ክሊኒክ ግን ቤታችሁን አትሽጡ። እውነተኛ ሙከራ ታማሚውን ገንዘብ አያስከፍልም።

የታናሹ ወንድም፣ ኅዳር 21

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው።

ጣት ቆጣሪዋ፣ ኅዳር 22

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወደ ገመድ ሳቢ ልመልሳችሁ፤ ማንም ያልነገረው ነገር አለ። ነርቩ እስኪደርስ መገጣጠሚያዎቹ ከደረቁ ነርቩ በደረሰ ጊዜ የሚታጠፍ ጣት አያገኝም። ስለዚህ በየቀኑ በደህናው እጅህ የታጠፉትን ጣቶች ቀስ አድርገህ ዘርጋ፤ መያዣም ይሠራልህ። የደነዘዘውን ጣት ደግሞ እንደ ሕፃን ጠብቀው። ምድጃ፣ ብረት ምጣድ፣ የሞቀ ስኒ፤ ሲያቃጥልህ የምታውቀው በተቃጠለው ቆዳ ጠረን ነው እንጂ በሕመሙ አይደለም።

ጡንቻዎቹ ባይመለሱ እንኳ መንገዱ አልተዘጋም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው እናንተ ስታሞግሱት በሰነበታችሁት የሽቫን ሕዋስ ውስጥ ነው፤ በብዛት የሚያጠቃውም ይህንኑ አልናር ነርቭ ክርን አካባቢ ነው። ስለዚህ እንዲህ የታጠፈ እጅን በጅማት ዝውውር፣ ማለትም የሚሠራ ጡንቻን ጅማት ወደ ደከመው ጣት በማዛወር፣ ማቅናት በአገራችን ያረጀ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ከመላ አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረው በዚሁ በሽታ ሕክምናና በተሐድሶው ነው።

ገመድ ሳቢ፣ ታኅሣሥ 22

ከአልጋ ላይ ነው የምጽፈው። ከትናንት በስቲያ ተሠራሁ። አምስት ሰዓት ፈጀ። ክፍተቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ከእግሬ የተወሰደው ነርቭ በአራት ተደርድሮ ገባ። የአክስቴ ልጅ ተቆጥቷል። ያጠራቀመውን ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ ላከልኝ።

የእጅ ሐኪም፣ ታኅሣሥ 23

እንኳን እግዚአብሔር ማረህ። ከወር በኋላ ከቁርጡ ጀምረህ ወደ ታች በጣትህ ጫፍ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ትንሿ ጣትህን የነዘረህ የመጨረሻው ቦታ አዳጊው ክር የደረሰበት ነው። በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት፤ ቀኑንም ጻፍ።

ገመድ ሳቢ፣ ሚያዝያ 25

ምልክቱን በየሁለት ሳምንቱ ሳደርግ ክንዴ ሜትር መስሏል። ልጄ «አባቢ ዛሬስ የት ደረሰ?» እያለች እሷ ነች የምታንኳኳው። ትናንት ማታ የእጅ አንጓዬ ሽንሽን ላይ ስትመታኝ ትንሿን ጣቴን ነዘረኝ። ጣቱ ራሱ ገና እንደተኛ ነው፤ በዚያው ቀን ጠዋት የጀበናውን ሆድ ነክቼ ሳላውቀው ውኃ ቋጥሮ አገኘሁት። ጣት ቆጣሪዋ እንዳትቆጪኝ።